ማሳሰቢያ፦ ስማችሁ ያልተመዘገበበት ዘፈን ለሌላ ሰው ይከፍላል

ይህ ማሳሰቢያ በቅድሚያ ለግጥምና ለዜማ ደራሲዎች፣ ከዚያም ለድምጻውያን፣ ለአቀናባሪዎች፣ ላለፉ የጥበብ ሰዎች ወራሾች፣ እንዲሁም ሙዚቃ እያሰሙ ለሚነግዱ ቤቶች የተጻፈ ነው። ደራሲዎቹን ያስቀደምኩት የዲጂታሉ ገንዘብ ከማንም በላይ እያለፋቸው የሚሄደው እነሱን ስለሆነ ነው። ዘፈኑን እነሱ ወልደውት ሳለ ገንዘቡ በሚከፈልበት መዝገብ ላይ ብዙ ጊዜ ስማቸው አይገኝም። ስም ሲጠፋ ደግሞ ክፍያው ባለቤቱ እስኪመጣ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ስሙን ቀድሞ ወዳስመዘገበው ሰው ይሄዳል።

በካሴት ዘመን የነበረውን አሠራር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ግጥም ደራሲው ግጥሙን፣ ዜማ ደራሲው ዜማውን ለድምጻዊው ወይም ለፕሮዲውሰሩ ይሰጣል፤ ዋጋውም አንድ ጊዜ በእጁ ይቆጠርለታል። ድምጻዊው በበኩሉ ማስተሩን ለሙዚቃ ቤት ይሸጣል። ሙዚቃ ቤቱ ያባዛል፣ ያከፋፍላል፤ ትርፉም ኪሳራውም የእሱ ነው። በዚህ ውል ብዙ ባለሙያ ተጎድቷል፤ በሕገወጥ ቅጂ ምክንያት ሙዚቃ ቤቶቹም ራሳቸው ተጎድተዋል። ቢሆንም ውሉ ወሰን ነበረው። ካሴቱ ከገበያ ሲጠፋ ገቢውም ይቆም ስለነበር፣ በአንድ ጊዜ ክፍያ የተሸጠው የጥቂት ዓመታት ገበያ ነበር ማለት ይቻላል።

ያ ወሰን ዛሬ የለም። በደርግ ዘመን በካሴት የወጣ ዘፈን ዛሬ ማታ በዩቲዩብ ይደመጣል፣ የዛሬ ዓመትም ይደመጣል። በተደመጠ ቁጥር ከማስታወቂያው ወይም ከአድማጩ ወርሃዊ ክፍያ ትንሽ ነገር ይደርሰዋል። አንድ ጊዜ መደመጥ የሚያስገኘው አብዛኛውን ጊዜ አንድ የአሜሪካ ሳንቲም እንኳ አይሞላም። በዚህ ምክንያት ንቀው የሚተዉት ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን አትናቁት እላለሁ። የካሴቱ ዘመን ገንዘብ አንድ ቀን መጥቶ ያበቃ ነበር፤ ይሄኛው እናንተ ካለፋችሁ በኋላ እንኳ ለልጆቻችሁ የሚቀጥል ነው። ስለዚህ አንድ ደራሲ ዛሬ በጥቂት ሺህ ብር "የዲጂታል መብቴን አስተላልፌያለሁ" ብሎ ሲፈርም፣ በካሴት ዘመን የሸጠውን ያህል ብቻ የሸጠ ከመሰለው እጅግ ተሳስቷል።

ምን ያህል እንደተሳሳተ ሕጉ ራሱ ይናገራል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው፣ በአንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት የተለያዩ ንብረቶችን ያያል። አንደኛው ድርሰቱ ነው፤ ማለትም ግጥሙና ዜማው። ሁለተኛው የተቀዳው ድምጽ ሲሆን የድምጻዊውና የፕሮዲውሰሩ መብት በእሱ ላይ ያርፋል። የድርሰቱ መብት ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ግጥሙንና ዜማውን በጋራ የደረሱት ከሆኑ 50 ዓመቱ የሚቆጠረው በመጨረሻ ካረፈው ደራሲ ሞት ነው። የድምጻዊውና የፕሮዲውሰሩ መብት ግን 50 ዓመቱ የሚቆጠረው ዘፈኑ ከተቀዳበት ወይም ከታተመበት ጊዜ ጀምሮ ነው። በዚህ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. የተቀዳን ዘፈን ብናሰላ፣ የቀረጻው ዘመን በ2015 ገደማ ያልቃል። ዜማ ደራሲው በ1990 ያረፈ ቢሆን ግን የወራሾቹ መብት እስከ 2040 ይዘልቃል። ልብ በሉ፤ በማስታወቂያው ላይ ፎቶው የማይወጣው፣ በመድረክ ላይ ስሙ የማይጠራው ሰው ከሁሉም የረዘመ መብት አለው። ከሁሉም ቀድሞ የሚሸጠውም እሱ ነው።

ገንዘቡ እንዴት እንደሚከፋፈል ባጭሩ ልግለጽ። እንደ ስፖቲፋይ ያሉ ድርጅቶች ለአንድ ዘፈን የቆረጡት ዋጋ የላቸውም። ከደንበኞች ክፍያና ከማስታወቂያ ከሚያገኙት ገቢ ውስጥ የባለመብቶችን ድርሻ ለይተው፣ እያንዳንዱ ዘፈን በወሩ ከተደመጠው ሁሉ በያዘው መጠን ያካፍሉታል። ስለዚህ ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ተቀምጦ በየወሩ የሚከፍል አድማጭ የሚያስገኘው ገቢ፣ በነጻ ከማስታወቂያ ጋር ከሚያዳምጠው ይልቃል። ስፖቲፋይ አንድን ዘፈን ተደመጠ ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ሲሞላ ነው። ከ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ባለፉት 12 ወራት ቢያንስ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን የቀረጻ ክፍያ አይከፍልም። ይህ ደንብ የእኛን ሰው በተለየ መንገድ ይጎዳል። አንዱን አሮጌ ዘፈን ሦስት ሰዎች በሦስት ስም ከጫኑት፣ አንድ ላይ ቢሆን 1,000 የሚያልፈው ቁጥር በሦስት ተከፍሎ አንዱም ሳይደርስ ሊቀር ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ እሱም ስም የሚጻፍበት ቅጽ ነው። ዘፈን ወደ ስፖቲፋይ፣ ወደ አፕል ሚውዚክ ወይም ወደ ዩቲዩብ ሙዚቃ የሚጫነው በአከፋፋይ ድርጅት በኩል ነው። አከፋፋዩ የሚያቀርበው ቅጽ ለድምጻዊው፣ ለግጥም ደራሲው፣ ለዜማ ደራሲውና ለፕሮዲውሰሩ የተለያየ ሳጥን አለው። የሚጭነው ሰው ከቸኮለ በሁሉም ሳጥን የድምጻዊውን ስም ወይም የራሱን ድርጅት ስም ይሞላል። ማንንም ለመዝረፍ አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ቅጹ አያልፍም፣ ሰዓቱ መሽቷል፣ አልበሙ ነገ መለቀቅ አለበት። ሆኖም ያቺ ሌሊት የተጻፈችው ስም ከዚያ በኋላ በየሀገሩ ያሉ ከፋዮች የሚያዩት ማስረጃ ትሆናለች። በካሴት ሽፋን ላይ "ግጥምና ዜማ" ተብሎ በደህና የታተመው ስም ማሽኑ ዘንድ የለም።

ስሙ ተጽፎም ችግር አለ። የእኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ በየሰው እጅ ይለዋወጣል። "ፀጋዬ" የሚለውን ስም አምስት ሰው በአምስት መንገድ ይጽፈዋል። አንዱ የአባትን ስም ያስቀድማል፣ ሌላው የአያትን ይጨምራል፣ ሦስተኛው የመድረክ ስም ብቻ ያሰፍራል። ለኮምፒውተሩ እነዚህ አምስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ገንዘቡንም በአምስት ቦታ ያስቀምጠዋል፣ ወይም ባለቤቱ አልታወቀም ብሎ ይይዘዋል። ስለዚህ በፓስፖርታችሁ ላይ ባለው አጻጻፍ አንዱን ምረጡ፤ በማንኛውም ውልና ቅጽ ላይ እሱን ብቻ ተጠቀሙ። ዘፈኑ ሲጫን ለቀረጻው የሚሰጠውን ባለ 12 ፊደልና አኃዝ አይኤስአርሲ የተባለ መለያ ከአከፋፋዩ ጠይቃችሁ በደብተር አስቀምጡ። ያ መለያ ግን የቀረጻው ብቻ መሆኑን አትርሱ። ለድርሰቱ አይኤስደብሊውሲ የተባለ ሌላ መለያ አለ፤ እሱ የሚገኘው ደራሲው በባለመብቶች የጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል ድርሰቱን ሲያስመዘግብ ነው።

ባዶ የተተወ ስም ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ አንድ ጉዳይ አለ፤ በአሜሪካ ፍርድ ቤት የተወሰነ ስለሆነ በዝርዝር ልንገራችሁ። ዩቲዩብ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮንቴንት አይዲ የተባለ ዘዴ አለው። የዘፈን ባለቤት ነኝ ያለ ሰው ቀረጻውን ለዘዴው ይሰጣል፤ ማሽኑ ከዚያ በኋላ በማንኛውም ቻናል ላይ ያ ድምጽ ሲሰማ ያውቀዋል፣ የማስታወቂያውን ገቢም ለተመዘገበው ሰው ያዞራል። በአሪዞና ግዛት ሁለት ሰዎች ብዙ የስፓኒሽኛ ዘፈኖች በዩቲዩብ እየተደመጡ ገቢያቸውን የሚጠይቅ ባለቤት እንደሌላቸው አስተዋሉ። ሚዲያሙቭ የሚባል ድርጅት አቋቁመው ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ50,000 በላይ ዘፈኖችን የእኛ ናቸው ብለው አስመዘገቡ። የተጠየቁትን ማስረጃ በሐሰት ደብዳቤ ሞሉ። 23 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሌሎች ሰዎች ሮያሊቲ ወደ እነሱ ሂሳብ ገባ። በ2021 ተከሰሱ፤ በ2023 አንዱ የ70 ወር፣ ሌላው የ46 ወር እስራት ተፈረደባቸው።

እነዚህ ሰዎች ኮምፒውተር አልሰበሩም፣ የማንንም የይለፍ ቃል አልሰረቁም። ባለቤት ያልቀረበለትን ነገር ፈልገው በስማቸው አስመዘገቡ፤ በቃ። አሁን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በጉራጊኛ ተዘፍነው ያለ ባለቤት ምዝገባ በየቻናሉ የተበተኑትን የድሮ ዘፈኖች አስቡ። ስፓኒሽኛውን ያገኘ ዓይን የእኛን ለማግኘት ብዙ አይደክምም።

በሀገር ቤት የሚታየው ደግሞ ሌላ መልክ አለው። የሕዝብ የሆነውን የሠርግ ዘፈን ወይም የቆየ የባህል ዜማ በራሱ ድምጽ ቀድቶ የሚያስመዘግብ ሰው ይኖራል። የራሱ ቀረጻ የራሱ ነው፤ ዜማው ግን የእሱ አይሆንም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ደግሞ ቅኝቶች ናቸው፤ ማንም በባለቤትነት ሊይዛቸው አይችልም። የዩቲዩብ ደንብም ለኮንቴንት አይዲ የሚሰጥ ቀረጻ ብቸኛ መብት ያለበት እንዲሆን ያዝዛል። በራሳችሁ ሥራ ላይ የሌላ ሰው የይገባኛል ጥያቄ ከመጣባችሁ ደንግጣችሁ ቪዲዮውን አታጥፉ። ተቃውሞ አስገቡ፤ ጠያቂው ለመመለስ 30 ቀን አለው። ካልተስማማ ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ፤ በይግባኙ የመልስ ጊዜው 7 ቀን ነው። ከዚያ የሚቀጥለው ደረጃ ግን ከባድ ነው፤ ጠያቂው ሕጋዊ የማስወገጃ ጥያቄ ካቀረበ ቻናሉ ቅጣት ይመዘገብበታል፣ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ቅጣት የደረሰበት ቻናል ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ወረቀት ሳይኖራችሁ በንዴት ብቻ ወደዚያ አትግፉ። የእናንተ ባልሆነ ዘፈን ላይ የይገባኛል ጥያቄ የምታቀርቡ ካላችሁም ተጠንቀቁ፤ ያ ሥራ የአሪዞናዎቹን ሰዎች ወኅኒ ያስገባው ነው።

ስለ ውል ያለኝን ረጋ ብላችሁ እንድታነቡ እለምናለሁ። በሀገራችን አዋጅ የኢኮኖሚ መብትን ማስተላለፍም ሆነ ፈቃድ መስጠት በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ይህ ለእናንተ ጥበቃ ነው፣ ነገር ግን የፈረማችሁትን ካላነበባችሁ ጥበቃው በእናንተው ላይ ይዞራል። አሁን በየእጁ የሚዞሩ ውሎች ውስጥ ሦስት ሐረጎችን ስታዩ ብዕራችሁን አስቀምጡ፦ "ለዘለቄታው"፣ "በመላው ዓለም" እና "ወደፊት በሚፈጠር በማንኛውም ቴክኖሎጂ"። የመጨረሻው ከሁሉም የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ሻጩም ገዢውም ምን እንደሚሸጥ አያውቁም። በ1960ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተቀዳውን የሙላቱ አስታጥቄን "የግሌ ትዝታ" አስታውሱ። በ2010 እ.ኤ.አ. ሙዚቀኞቹ ናስና ዴሚየን ማርሊ በጋራ አልበማቸው ውስጥ ለከፈቱበት ዘፈን መሠረት አደረጉት። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካዊው የጂም ጃርሙሽ ፊልም የሙላቱን ሙዚቃ ለዓለም ተመልካች አሰምቶ ነበር። ሸክላ ሲታተም ከሸክላው ላይ ቁራጭ ተወስዶ ሌላ ሀገር ሌላ ዘፈን ይሠራበታል ብሎ ማን በውል ላይ ሊያስብ ይችል ነበር? ዛሬም እንደዚያው ነን። የአንድን ድምጻዊ ድምጽ አጥንቶ እሱ ያልዘፈነውን ዘፈን የሚያዘፍን የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ መጥቷል፤ "ማንኛውም ቴክኖሎጂ" የምትለዋ ሐረግ ይህንንም ልትሸፍን ትችላለች። ድምጻችሁና ድርሰታችሁ ለእንዲህ ያለ መሣሪያ ማሠልጠኛ እንዳይውል፣ ወይም ለብቻው ስምምነትና ክፍያ እንዲጠየቅበት በውሉ ላይ በግልጽ አስጽፉ።

በሐረጎቹ ፈንታ ምን ይጻፍ? የጊዜ ገደብ ይጻፍ፤ አምስት ዓመት ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ በኋላ መብቱ ወደ እናንተ ይመለስ። ከገቢው ስንት በመቶ እንደሚደርሳችሁ፣ በየስንት ወሩ ሪፖርት እንደሚሰጣችሁና ሪፖርቱ ከአከፋፋዩ እንደመጣ ሳይነካ እንዲታይ ይጻፍ። የቅድሚያ ክፍያ መቀበል ነውር የለውም፤ ኑሮ ያስገድዳል። ግን ቅድሚያው ከወደፊቱ ድርሻችሁ የሚታሰብ መሆኑ ይጻፍ እንጂ መብቱን የሚገዛ አይሁን። የኢትዮ ቴሌኮም የጥሪ ማሳመሪያ፣ የሀገር ውስጥ የሙዚቃ መተግበሪያዎች፣ ዩቲዩብና የውጭ መድረኮች በአንድ ቃል "ዲጂታል" ተብለው እንዳይጠቀለሉ፤ እያንዳንዱ በየራሱ መስመር ይቀመጥ። በ2012 ዓ.ም. በሞት የተለየን አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ከሙያ ባልደረቦቹ ጋር አውታር የተባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ ሲያቋቁም የተነሳው ሙዚቀኛው ራሱ የሥራውን መሸጫ በእጁ መያዝ አለበት ከሚል ሐሳብ ነበር። ያ ሐሳብ ለእያንዳንዱ ውል ይሠራል።

ሌላው በዝምታ የሚታለፍ አደጋ የቻናሉ ባለቤትነት ነው። ብዙ ድምጻውያን የዩቲዩብ ቻናላቸው የተከፈተው ውጭ ሀገር ባለ ዘመድ፣ ጓደኛ ወይም ማናጀር ስም ነው፤ የባንክ ሂሳቡም የእሱ ነው። ፍቅር ባለበት ጊዜ ይህ አይታወቅም። ጠብ ሲመጣ፣ ትዳር ሲፈርስ ወይም ሰውየው በድንገት ሲሞት ግን ዩቲዩብ የሚያውቀው ኢሜይሉን የከፈተውን ሰው ብቻ ነው። ዛሬውኑ፣ ፍቅር እያለ፣ ቻናሉ የማን እንደሆነና ገቢው እንዴት እንደሚከፈል የሚገልጽ ወረቀት ተፈራረሙ፤ እናንተም በራሳችሁ ኢሜይል የባለቤትነት ፈቃድ ይሰጣችሁ። የይለፍ ቃል ደግሞ ለማንም አትስጡ። "ሮያሊቲ እናስመልስላችኋለን፣ መጀመሪያ የምዝገባ ገንዘብ ክፈሉ" ብሎ በቴሌግራም ለሚጽፍላችሁም እንዲሁ። በአሜሪካ ያሉት ሁለቱ ትልልቅ ሰብሳቢዎች፣ ከዚህ በታች የማነሳቸው፣ ባለመብትን በነጻ ነው የሚመዘግቡት።

ቪው ግዙ የሚላችሁን ሰው አትስሙት። በማሽን የተጨመረ ቁጥር ዘፈናችሁን ያስወርዳል። ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ የሐሰት መደመጥ የበዛበትን ዘፈን ያቀረበውን አከፋፋይ በገንዘብ ይቀጣል፤ አከፋፋዩም ቅጣቱን ወደ እናንተ ያስተላልፋል ወይም ሥራችሁን ሁሉ ያነሳል። በዚያው ዓመት አንድ የሰሜን ካሮላይና ነዋሪ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዘፈኖችን በማሽን እያስደመጠ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሮያሊቲ ወስዷል ተብሎ ተከሷል። የሚከፋፈለው ገንዘብ አንድ ድስት ስለሆነ እንዲህ ያለ ሰው የሚጨልፈው ከእናንተ ድርሻ ነው።

ሙዚቃ ለሚያሰሙ ሆቴሎች፣ ሬስቶራንቶች፣ የምሽት ክበቦችና የትራንስፖርት ድርጅቶችም ቃል አለኝ። ሙዚቃ በአደባባይ ተሰምቶ ገበያ ካመጣ ለባለቤቱ ይከፈል የሚለው ነገር አዲስ አይደለም። በ1847 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ኧርነስት ቡርዤ የተባለ ደራሲ አንድ ቡና ቤት ገብቶ ሲጠጣ የራሱ ሥራ እየተጫወተ ነበር። ሙዚቃዬን በነጻ ስለተጠቀማችሁ ሂሳቤን አልከፍልም አለ፤ ፍርድ ቤትም ለእሱ ፈረደ። ከዚያ ሙግት ተነስቶ በ1851 ሳሴም የተባለው የደራሲዎች ማኅበር ተቋቋመ፤ ዛሬም አለ። የእኛው የተሻሻለው አዋጅም ባለመብቶች በጋራ አስተዳደር ማኅበር ተደራጅተው ሮያሊቲ እንዲሰበስቡ መንገድ ከፍቷል። ስለዚህ በማኅበር ስም የሚመጣ ሰብሳቢ ሲቀርባችሁ አታባርሩት፤ ግን ከአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የተሰጠውን ፈቃድ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፣ ያለ ሕጋዊ ደረሰኝም አትክፈሉ፣ በግለሰብ የባንክ ሂሳብ ገንዘብ አታስገቡ። የኤፍኤም ጣቢያዎችም እንዲሁ። ቀድሞ በየጣቢያው ምን እንደተጫወተ የሚታወቀው በእጅ በሚሞላ ዝርዝር ነበር፤ አሁን ድምጹን ሰምቶ ዘፈኑን የሚለይ ኮምፒውተር ስላለ አልተጫወተም ማለት አያዋጣም።

ውጭ ሀገር ያላችሁ ደግሞ ሕጉ ይበልጥ ይጠብቅባችኋል። በዋሽንግተንም ሆነ በሌላ ከተማ የሀበሻ ሬስቶራንት ከፍታችሁ ያለ ፈቃድ ሙዚቃ የምታሰሙ ከሆነ፣ በአሜሪካ ሕግ ፍርድ ቤት በአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር፣ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ከሆነ እስከ 150,000 ዶላር ሊያስከፍል ይችላል። የግል የሙዚቃ አካውንታችሁ ወርሃዊ ክፍያ ለንግድ ቤት ፈቃድ አይሆንም። በአውሮፓ ኮንሰርት የምታዘጋጁም ለአዳራሹ የሙዚቃ ክፍያ ስትከፍሉ የተዘፈኑትን ዘፈኖችና የደራሲዎቻቸውን ስም ዝርዝር አብራችሁ አስገቡ። ገንዘቡ መከፈሉ አይቀርም፤ ዝርዝሩ ከጎደለ ግን የእኛ ዜማ ደራሲ ሳይሆን ሌላ ሰው ይካፈለዋል።

አሜሪካ ውስጥ ስማቸው ያልታወቀ ደራሲዎች ገንዘብ ምን ያህል እንደሚከማች በ2021 በግልጽ ታይቷል። በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው የሙዚቃ ማዘመኛ ሕግ መሠረት የተቋቋመው ኤምኤልሲ የተባለው ሰብሳቢ ሥራ በጀመረበት ዓመት፣ የሙዚቃ መድረኮቹ ባለቤቱን አላገኘንም ብለው ይዘውት የቆዩትን ወደ 424 ሚሊዮን ዶላር አስረከቡት። ይህ የግጥምና ዜማ ደራሲዎች ገንዘብ ነው። ሕጉ ከተወሰነ የማቆያ ጊዜ በኋላ ባለቤት ያልቀረበለት ገንዘብ በገበያ ድርሻቸው ልክ ለሌሎች የሙዚቃ አሳታሚዎች እንዲከፋፈል ይፈቅዳል። በገበያው ትልቅ ድርሻ ያለው ማን እንደሆነ መገመት አያቅትም። የኤምኤልሲ መዝገብ ለማንም ክፍት ስለሆነ የዘፈናችሁን ርዕስ በላቲን ፊደል በተለያየ አጻጻፍ እየፈለጋችሁ ከጎኑ የማን ስም እንዳለ እዩ። ለቀረጻው ደግሞ ሳውንድኤክስቼንጅ የተባለ ሌላ ሰብሳቢ አለ፤ ከኢንተርኔትና ከሳተላይት ሬዲዮ የሚሰበስበውን ግማሹን ለማስተሩ ባለቤት፣ 45 በመቶውን ለዋናው ድምጻዊ፣ 5 በመቶውን ለአጃቢዎች ያካፍላል። ማስተሩን ለሙዚቃ ቤት የሸጠ ድምጻዊ እንኳ ያቺን 45 በመቶ በቀጥታ ለራሱ መጠየቅ ይችላል። ይህን የማያውቅ ስንት ድምጻዊ እንዳለ ሳስብ ያንገበግበኛል።

የመጨረሻው ቃሌ ለወራሾች ነው። አባታችሁ ወይም እናታችሁ ግጥም ወይም ዜማ ደራሲ ከነበሩ ቤት ውስጥ ያሉትን የካሴትና የሸክላ ሽፋኖች፣ የድሮ ውሎች፣ በእጅ የተጻፉ ግጥሞችና የክፍያ ደረሰኞች ሰብስቡ። ሽፋኑ ላይ የታተመ ስም በክርክር ጊዜ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንሱት፣ ዋናውን አትስጡ። በሀገራችን ሕግ መብቱ የሚገኘው ሥራው ከተፈጠረበት ቅጽበት ጀምሮ ነው፤ ምዝገባ ግዴታ ባይሆንም ማስረጃን ስለሚያጠናክር በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስመዝግቡ። የወራሽነት ማረጋገጫችሁን ከፍርድ ቤት አውጡ፤ ወንድማማቾችና እህትማማቾች ከሆናችሁ ከመካከላችሁ አንዱን በሕጋዊ ውክልና ወክሉ፣ ከፋዩ ድርጅት ከአራት ሰው ጋር አይጻጻፍምና። ከዚያ የዘፈኖቹን ዝርዝር ይዛችሁ ሥራውን በቻናሉ ለጫነው ሙዚቃ ቤት ወይም አከፋፋይ በጽሑፍ ደብዳቤ አስገቡ። በደብዳቤው በየትኛው ውል መሠረት እንደጫነው፣ በደራሲ ሳጥን የማንን ስም እንደሞላና እስካሁን የተገኘው ገቢ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። የደብዳቤውን ቅጂ ተቀባዩ ፈርሞበት፣ ቀንም ተጽፎበት በእጃችሁ ይቅር፤ መልሱንም በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበሉ።